የቦርከናን ዳር አፈር በትል እንፈትሸው

ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች፣

ስለ ቦርከና ወንዝ ሲወራ ሁሌ ውሃው ነው የሚነሳው። ቀለሙ፣ ሽታው፣ አረፋው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አፈሩ ነው። ከኮምቦልቻ ወረድ ብዬ በዚሁ ወንዝ ሽንኩርትና ቃሪያ አጠጣለሁ። ውሃው ወደ ጨፋ ረግረግ ያልፋል፤ ክሮሚየምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ግን ከገቡ አፈሩን ይዘው ይቀራሉ። እንደ ፍግ በስብሰው አይጠፉም።

አፈሬን ላስመረምር ብዬ ዞሬ ነበር። አንዱ ጋ "እኛ ለማዳበሪያ ብቻ ነው የምናየው" አሉኝ። ሌላው ጋ የተጠየቅኩት ዋጋ ለእኔ ቢጤ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም።

ታዲያ የመሬት ትልን ለምን አንጠቀምም? ለማዳበሪያ የምናረባትን ቀይዋን ትል ማለቴ ነው። ሳንባ የላትም፣ በእርጥብ ቆዳዋ ነው የምትተነፍሰው፣ አፈሩንም ትበላዋለች፤ ስለዚህ እዚያ ያለው መርዝ በቆዳዋም በአፏም ይገባል። ካድሚየም የሚባለው ከባድ ብረት እንዲያውም አፈሩ ውስጥ ካለው በላይ ገላዋ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ላብራቶሪ ውስጥ ሆዷ ከጸዳ በኋላ ገላዋ ሲመረመር፣ ከብረቱ ምን ያህሉ ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል። የአፈር ምርመራ ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ቀለል ያለ ሙከራም አለ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ። አንድ ዕቃ በመከፋፈያ ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ጎን የተጠረጠረውን አፈር፣ በሌላው ተመሳሳይ ዓይነት ንጹሕ አፈር እኩል አርጥቦ መሙላት። መከፋፈያውን አንስቶ መሐሉ ላይ 10 ትል መልቀቅ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ መቁጠር። በተለያዩ ዕቃዎች ተደጋግሞ ከ80 በመቶ በላይ ወደ ንጹሑ ከሸሹ፣ ያ አፈር ችግር አለበት።

ትሏ የትኛው ብረት እንደሆነ አትነግረንም፤ ከጨውም፣ ከፀረ ተባይም ትሸሻለች። በበጋ ማሳ ቆፍሮ ትል ማጣትም ማስረጃ አይደለም፣ አፈሩ ሲደርቅ የማሳ ትሎች ወደ ታች ሊወርዱ ይችላሉ። ግን የቱ ማሳ አፈር ቀድሞ ላብራቶሪ መግባት እንዳለበት ቀይዋ ትል ትለይልናለች፣ ገንዘባችንም እዚያ ላይ ይውላል። አደራ፣ ለሙከራ የዋለችውን ትል ለዶሮ አትስጡ።

የግብርና ባለሙያዎቻችንና የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን ካነበባችሁ፣ ከእኔ ማሳ ጀምሩ። ትሉን እኔ እሰጣለሁ፤ የማረባበት ሳጥን ሞልቷል።

አንድ ገበሬ፣ ከቦርከና ዳር