የኮዲንግ ክበብ ዘገባ፦ ባዶው የለስላሳ ሳጥን

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ሲገናኝ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ልጅ። መብራት ሲጠፋ ኮዱን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በቫሪያብል (ዋጋ በሚይዝ ስም) እና በፎር ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ በሚያሠራ ትእዛዝ) አለቀ፤ ልጆቹ ቶሎ ያዙት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለቤተ መጻሕፍታችን የውሰት መዝገብ ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ጀመርን። ልጆቹ ‹መጽሐፍ› የሚል ክላስ፣ ማለትም አንድ መጽሐፍ ምን ምን መረጃ እንደሚይዝ የሚወስን ንድፍ፣ ጻፉ። ቀጥለው 24 መጽሐፍ የሚይዝ አሬይ (በቁጥር የተደረደሩ ቦታዎች) ፈጠሩ። ለመጀመሪያው መጽሐፍ ርዕስ ሊሰጡ ሲሉ ፕሮግራሙ ቆመ። ኑል ፖይንተር ኤክሴፕሽን፦ ምንም የሌለበትን ቦታ እንዳለበት አድርጎ መጠቀም የሚያመጣው ስህተት።

«ቲቸር፣ 24 መጽሐፍ ፈጥረን የለ እንዴ?» አለችኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ።

ጥያቄዋን ወደድኩት። የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) አሬይ ሲፈጠር እኮ በየቦታው 0 ይገባል፤ ወዲያው መጠቀም ይቻላል። የኦብጀክት (እንደ መጽሐፋችን ከክላስ የሚፈጠር ነገር) አሬይ ውስጥ ግን የሚገባው ኑል፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከሻይ ቤቱ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ተውሼ መጣሁ። 24 ቦታ አለው፣ ጠርሙስ ግን የለውም። ልጆቹ እንደ አሬይ ከ0 እየቆጠሩ ጠርሙስ ከተቱ። የመጨረሻው 23 ሆነ። ከዚያ ፎር ሉፕ ጽፈው ለየቦታው አንድ አንድ መጽሐፍ በ‹ኒው› (አዲስ ኦብጀክት በሚፈጥረው ቃል) ፈጠሩ። ሠራ!

አንዱ ቡድን ግን አቋራጭ ፈለገ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ፈጥረው አሬዩን በሙሉ በ‹አሬይስ ፊል› (ያንኑ አንድ ነገር ሁሉም ቦታ ላይ በሚያስቀምጠው ትእዛዝ) ሞሉት። ምንም ኤረር አልመጣም። አንዱን መጽሐፍ «ተውሷል» ብለው ሲመዘግቡ ግን 24ቱም ተዋሱ። እኔን ከኑሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ስህተት ነው፤ ድምፅ የለውም።

ሳጥኑን መልሼ አመጣሁት። በዚህ ጊዜ በጠርሙስ ፋንታ በየቦታው ወረቀት አስቀመጥን። ወረቀቱ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «መስኮቱ ጋ ያለው ጠርሙስ»። ያን ጠርሙስ አንዱ ልጅ ሲያነሳው ሁሉም ገባቸው። አሬዩ የሚይዘው ነገሩን ሳይሆን አድራሻውን ነው። የዓመቱ ምርጥ ቀን ያ ነበር፤ ላቡ ውስጥ ዝም ያለ ልጅ አልነበረም።

መዝገቡ ሰኔ መግቢያ ላይ ተጠናቀቀ። የሚይዘው ግን 24 መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የአሬይ መጠን አንዴ ከተወሰነ አይጨምርም። የቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበዛ መጽሐፍ አለው። ስለዚህ መስከረም ላይ በአሬይ ሊስት፣ መጠኑ ሊያድግ በሚችለው ዝርዝር፣ እንጀምራለን።