ለመለካትም ይከፈል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ፕሌይስቴሽን በመጠገን ነው የምተዳደረው። 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ልል የፈለግሁት፣ ጠጋኝ ለጥገናው ብቻ ሳይሆን ለምርመራውም ይከፈለው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ወር ከገንደ ቆሬ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስድስት ማሽን ያላት ጌም ቤት አላቸው፤ የቤት ኪራዩም የታናናሾቻቸው ደብተርም የሚወጣው ከእሷው ነው። አንዱን ፕሌይስቴሽን 4 በሽርጥ ጠቅልሎ አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ፣ «ጋሼ፣ ቺፑ ሞቷል ተብያለሁ። ለመለዋወጫ ትገዛኛለህ?» አለኝ።

«ማን ለካው?» ስለው ዝም አለ።

ቆይቶ ነገረኝ። መጀመሪያ የወሰደበት ጠጋኝ፣ «ለምርመራ 300 ብር እቀበላለሁ፤ ከዚያ የጥገናውን ዋጋ እነግርሃለሁ» ብሎት ነበር። ልጁ «ለማየት ብቻ 300 ብር?» ብሎ ተናዶ ወጣ። ሁለተኛው ጋ ሲሄድ «ማየት በነጻ ነው» ተባለ። ይኼኛው ማሽኑን ፈታው፤ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እንኳ ሳያነሳ ዋናው ቺፕ ላይ ሆት ኤር፣ ማለትም በጣም የጋለ አየር የሚነፋ መሣሪያ፣ ለቀቀበት። አልነሳ ሲለው ቺፑ ሞቷል ብሎ መለሰለት፤ ለድካሙም 1,500 ብር ተቀበለ።

የማሽኑ ሕመም እንዲህ ነው። ማብሪያው ሲነካ ጢጥ ይላል፣ ሰማያዊው መብራት ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ይጠፋል። በጤነኛ ፕሌይስቴሽን 4 ሰማያዊው ጥቂት ቆይቶ ወደ ነጭ ይለወጣል፤ ነጩ ሳይመጣ ሲቀር በእኛ ሠፈር «ሰማያዊ መብራት ይዞታል» ይባላል። ስሙ ከተሰጠ በኋላ ሰዉ ሁሉ ቺፑን ነው የሚጠረጥረው። ሰማያዊ መብራት ግን ትኩሳት ማለት ነው። ድሬ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ሊሆን ይችላል፣ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፣ ደንጊም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ደሙን ሰጥቶ ውጤቱን ይጠብቃል። ሰማያዊ መብራትም ማሽኑን ኤሌክትሪክ ከሚመግበው ፓወር ሰፕላይ፣ ከሃርድ ዲስኩ፣ ምስል ወደ ቴሌቪዥን ከሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ቺፕ፣ ሾርት ካደረገ (ኤሌክትሪኩ ያለ ቦታው አቋርጦ ከሚያልፍበት) መስመር ወይም ከዋናው ቺፕ ሊመጣ ይችላል። ላብራቶሪ ገብቶ «ወባ ካልተገኘብኝ አልከፍልም» የሚል ሰው ግን አላየሁም።

ለማንኛውም ከፈትኩት። ፓወሩን አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩ። (እግረ መንገዴን ለወላጆች አንድ ነገር ልናገር። ፓወሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጆቻችሁ በካቻቢቴ ቤት ውስጥ እንዲከፍቱት አትፍቀዱ።) ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ 12 ቮልት ከሚገባበት መስመር፣ ሌላውን ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ከግራውንዱ አገናኘሁ። ቴስተሩ ሳያቋርጥ ጮኸ፤ ንባቡ ከ1 ኦም በታች ነበር፤ መስመሩ ሾርት አድርጓል ማለት ነው። የልጁ ችግር እዚያው ግማሹ ታወቀ። ፓወሩ 12 ቮልት ልስጥ ሲል መስመሩ ወደ ግራውንድ ያፈስሰዋል፤ ፓወሩም ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነበር።

ግማሹ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ብዙ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ አንዱ ሾርት ካደረገ ሁሉም ላይ ብትለካ ያው ዜሮ ነው የምታነበው። ጥፋተኛውን ከመሐላቸው ለይቶ ለማውጣት እኔ የማደርገው ይህን ነው። ቦርዱን በአልኮል በስሱ እቀባለሁ። ከዚያ ከጠረጴዛ ፓወሬ 1 ቮልት ብቻ፣ አምፔሩን ገድቤ፣ ወደ መስመሩ እለቃለሁ። ይህ ጤነኛውን ዕቃ አይጎዳም። ኩሬንቲው ግን የሚሮጠው ሾርት ወዳለበት ስለሆነ ያ ዕቃ ይሞቃል፤ የሞቀው ቦታ ላይ ያለው አልኮል ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል። ልጁን ጠርቼ አጠገቤ አቆምኩትና «እየው» አልኩት። ቦርዱ በሙሉ እንደ እርጥብ ድንጋይ ያብለጨልጫል፤ ከፓወሩ መግቢያ አለፍ ብሎ አንዲት ነጥብ ብቻ ጭጋግ እንደለቀቃት መስታወት ጠራች፣ ደረቀች። እዚያ ላይ የተቀመጠችው የሩዝ ስባሪ የምታክል ካፓሲተር ናት። ነቀልኳት፤ ቴስተሩ ዝም አለ። ከአሮጌ ቦርድ አቻዋን አውጥቼ ተካሁላት። ገጥሜ ሳበራው ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጭ።

ልጁ እልል ሊል ሲቃጣው ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛው ጠጋኝ የለቀቀው ትኩስ አየር የኤችዲኤምአይ ሶኬቱን ፕላስቲክ አቅልጦታል፤ ከ19ኙ እግሮች ሁለቱ ተጣመው እርስ በርስ ነክተዋል። ሶኬቱን በሙሉ መለወጥ ነበረብኝ። በዚህ ማሽን ላይ ዋጋ ያስወጣው ሥራ ይሄ ነው። ራሱ የተበላሸው ዕቃ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም፤ በግምት የተበላሸው ግን ብዙ ብር ፈጀ።

ስለ ማሞቅ ልጨምር፤ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ ስጀምር የፕሌይስቴሽን 3 ዘመን ነበር። ቢጫ መብራት አብርቶ የሚጠፋ ማሽን ሲመጣ ቺፑን እናሞቀዋለን፤ ይነሳል፤ ባለቤቱ መርቆን ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ያኔ የሚነገረን እርሳስ የሌለበት ሶልደር (ቺፑን ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቀው ቀላጭ ብረት) ከቺፑ ሥር ተሰነጠቀ የሚል ነበር። አውሮፓ ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ እርሳስ መጠቀምን ስለከለከለ ፋብሪካዎች ወደ አዲሱ ሶልደር ዞረዋል፤ አሮጌው በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ አዲሱ 217 ገደማ ይፈልጋል። ነገሩ ግን ከዚያም የጠለቀ ነው። በኤክስቦክስ 360 ላይ በታየው የቀይ መብራት ችግር ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መድቦ ነበር፤ ኋላ በ2021 የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው እንደተናገሩት ስንጥቁ የነበረው በቺፑ በራሱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ግንኙነቶች ላይ ነው፤ ያመጣውም ማሽኑ ሲበራና ሲጠፋ የሚፈራረቀው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ስናሞቀው እነዚያ ስንጥቆች ለጊዜው ይነካካሉ እንጂ አይድኑም። ይህን ሳውቅ ካሞቅኩላቸው ሰዎች ላገኘኋቸው ገንዘባቸውን መልሻለሁ፤ ያላገኘኋቸው አሁንም ይከነክኑኛል።

ሆት ኤር መጥፎ ዕቃ ነው እያልኩ አይደለም። የልጁን ሶኬት የነቀልኩት በዚያው ነው። በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ዲግሪ፣ ዙሪያው በሙቀት መከላከያ ቴፕ ተሸፍኖ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን እንደሚሞቅ ታውቆ ሲሆን ነው።

የጌም ቤት ባለቤቶችም የሚሰሙኝ ከሆነ፦ ማሽኑ እንዳይሰረቅ ብላችሁ በእንጨት ሳጥን ቆልፋችሁ የምታስቀምጡት ነገር ያሳዝነኛል። የፕሌይስቴሽን 4 መመሪያ እንዲሠራ የሚፈቅደው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለበት ቦታ ነው። የእኛ ከተማ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከ35 ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ሃያ ልጅ በሚተነፍስበት ክፍል፣ ሳጥን ውስጥ ስንት እንደሚሆን አስቡት። ሳጥኑን በጀርባውና በጎኑ ብሱት፤ በፍርግርግ ብረት ብትሠሩት ደግሞ የበለጠ ነው። በየሦስት ወሩ አቧራው ይነፋ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ሳትቆዩ አትሰኩ። ፊውዙ በተቃጠለበት ቦታ ሽቦ ታስሮ የመጣ ፓወር በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ፊውዙ የተቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው፤ ሽቦ ያሰረ ሰው ያንን ነው የነጠቃችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እዚሁ ድሬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ በፉርጎዎቹ ጎን እያለፈ የብረት እግሮቹን አንድ በአንድ ያንኳኳል። ጤነኛው እግር እንደ ደወል ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምጽ ነው የሚሰጠው። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት ቆሜ እሰማ ነበር፤ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ሌላ ሰው ቢጠራው እንኳ ሳይመልስ ነበር የሚያንኳኳው። ደሞዙን የሚያገኘው ለዚያ ነው። ስንጥቅ ባላገኘበት ቀን ደሞዙ አይቀነስበትም ነበር፤ «ምንም የለበትም» የሚለው ቃሉም ሥራ መሆኑን አሠሪዎቹ ያውቁ ነበር።

እኛ ዘንድ ይህ ጠፍቷል። ደንበኛ ለጥገና እንጂ ለምርመራ አይከፍልም። ጠጋኙ የሚከፈለው እጁን ሲያስገባ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ መስመር ለመስመር የሚለካበት ምክንያት የለውም፤ ቶሎ ወደሚያውቃት አንዲት መላ ይሮጣል። ወጣቶቹን ጠጋኞች አልኮንንም። አብዛኞቹ ከስልክ ላይ ቪዲዮ አይተው የተማሩ ናቸው፤ ቪዲዮው የሚያሳያቸው ደግሞ ሲሞቅ ሲነሳ እንጂ ከወር በኋላ ሲመለስ አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ለክቼ የምደርስበት መልስ «አይጠገንም» የሚል ነው። ዘንድሮ አንዲት እናት ከጅቡቲ ያመጣችውን የልጇን ፕሌይስቴሽን 5 ይዛ መጣች። አንድ ሰው አጸዳለሁ ብሎ ከፍቶት ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ቺፑ ላይ ያለው እንደ ፊተኛው ነጭ ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው፤ ሙቀትን ጥሩ አድርጎ ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክንም ያሳልፋል። ጠርጎ መልሶ ሲቀባው በዙሪያው ወዳሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ፈሶ ቺፑን ጨምሮ አቃጥሎታል። ሁለት ሰዓት በማጉያ ለክቼ እንደማይነሳ ነገርኳት፤ 300 ብር ተቀበልኩ። ከፋት፤ ግን ከፈለች። ያንን ባልነግራት ኖሮ ሦስት ቤት ዞራ ሦስት ጊዜ «እንሞክረው» ተብላ ትከፍል ነበር።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሌሎችም ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ምርመራው 300 ብር ነው፤ ጥገናውን እኔ ከሠራሁት ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። በወረቀት ላይ የትኛውን መስመር እንደለካሁ፣ ስንት እንዳነበብኩ፣ የቱ ዕቃ እንደተበላሸ እጽፋለሁ። ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ሌላ ጠጋኝ ጋ መሄድ መብቱ ነው። የወጣውን ዕቃ በትንሽ ላስቲክ አድርጌ እመልስለታለሁ። የገንደ ቆሬው ልጅ ያቺን የሩዝ ስባሪ የምታክል ካፓሲተር ይዞ ነው የሄደው።

እናንተ ደንበኞች ደግሞ ማሽናችሁን ስትሰጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ምን ለካህ? ስንት አነበብክ?» መልስ የሌለው ሰው እጅ ላይ አትተዉት።

ለጀማሪ ጠጋኞች፦ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሱቄ ክፍት ነው። የተቸገራችሁበትን ቦርድ ይዛችሁ ኑ፤ ሾርት እንዴት እንደሚፈለግ ያለ ክፍያ አሳያለሁ። የራሳችሁን ቴስተር ብታመጡ ጥሩ ነው፤ የሌለው ሰውም አይቅር፣ ሁለት አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጌም ማሽን ጠጋኝ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ