ሥጋን ሳይከለክሉ አትክልትን ማብዛት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አትክልትና ጥራጥሬ አመጋገብ ሲጻፍ፣ ሥጋን ፈጽሞ መተው ወይም እንደ ቀድሞው መቀጠል ብቸኛ አማራጮች ተደርገው መቅረባቸው ስለሚያሳስበኝ፣ የቤተሰባችንን ልምድ ላካፍል ወደድሁ። በቤታችን የዘወትሩ ምግብ ባቄላ፣ ምስር፣ አትክልትና ያልተፈተገ እህል ሲሆን፣ ዕንቁላል ወይም ሥጋ ያማረው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይበላል፤ ተጋብዘን ስንሄድም የቀረበልንን በደስታ እንቀበላለን።

ይህን የመረጥነው ልጆቻችን ምግብን በፍርሃትና በጥፋተኝነት ስሜት እንዳያዩት ብለን ነው። ታላቋ ልጃችን ለወራት ሥጋ ሳትቀምስ ቆይታ አንድ ቀን ስትበላ፣ ማንም ምንም አላላትም፤ ያ ዝምታ ከብዙ ምክር ይልቅ እንደጠቀማት አምናለሁ።

ይህ ማለት ግን ቸል ብለናል ማለት አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት በበቂ መጠን ስለማይገኝ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የሚታቀብ ሰው ቫይታሚኑ የተጨመረበት ምግብ ወይም እንክብል ያስፈልገዋል። በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘውን የብረት ማዕድንም ሰውነታችን ከሥጋው ባነሰ መጠን ስለሚወስደው፣ እንደ ብርቱካንና ቲማቲም ያሉ ቫይታሚን ሲ ያላቸውን አብሮ መመገብ፣ ሻይና ቡናንም ከምግቡ ሰዓት ማራቅ ይረዳል። በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን በተመለከተ ግን ጠንከር እንላለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታልና።

ጋዜጣችሁ ወደፊት በዚህ ጉዳይ ላይ ሲጽፍ፣ ከሥጋ ሳይርቁ መጠኑን የቀነሱ ቤተሰቦችንም እንዲያነጋግር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች እናት