ለጣና ጭቃ የሚሆን መልሕቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጣና ሲጻፍ በብዛት የማነበው ስለ እምቦጭ፣ ስለ ገዳማቱና ስለ ዓሣው መመናመን ነው፤ ሊጻፍም ይገባል። እኔ ግን ለ17 ዓመታት በዚህ ሐይቅ ላይ በትንሽ የሞተር ጀልባ ዓሣ ሳሰግር የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ሲነሣ ሰምቼው ስለማላውቀው ስለ መልሕቅ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

በባሕር ዳር ዳርቻ ወደታሰሩት ትናንሽ ጀልባዎች ጎንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በብዙዎቹ ውስጥ የሚያገኘው በገመድ የተጠፈረ ጥቁር ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ነው። ለደንገል ታንኳ ድንጋዩ ይበቃ ይሆናል፤ ታንኳ ቀላል ናት፣ ከውኃው በላይም ብዙ ከፍ ስለማትል ነፋስ አያገኛትም። ስድስት ሜትር የምትረዝም፣ ሞተርና መረብ የተጫነባት ጀልባ ግን በዚህ አትያዝም። ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከዚያም የበለጠ። እጃችን ላይ 15 ኪሎ የነበረው ቆርቆሮ ከሐይቁ ወለል ሲደርስ 9 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ጭቃው ላይ ይንሸራተታል እንጂ የሚቆፍርበት ስለት የለውም።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ደርሶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘጌ ማዶ መረብ ዘርግተን፣ ቆርቆሯችንን ጥለን አረፍ ባልንበት የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ የቆመች መስሎን ሳለ፣ ቀና ስንል የመረባችን ተንሳፋፊዎች በዓይን ለመለየት እስኪያስቸግሩ ድረስ ርቀው ነበር። ገመዱን ስስበው ቆርቆሮው የታጠበ ያህል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በዚያ ሁሉ መንገድ ጭቃውን እየላሰ ሄዷል እንጂ ለአፍታ እንኳ አልያዘም። እስኪመሽ ፈልገን ከመረባችን ግማሹን ሳናገኝ ተመለስን።

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ አፈር ስለሚያመጡለት፣ በደሴቶቹና በአንዳንድ ዳርቻዎች አጠገብ ካለው ድንጋያማ ቦታ በቀር ወለሉ በአብዛኛው ለስላሳ ጭቃ ነው። ከብረት የሚሠራው ባለ አራት ጣት መልሕቅ ድንጋይ መሐል ሲጣል ጥሩ ነው፤ ጭቃን ግን እንደ ማበጠሪያ ሰንጥቆት ያልፋል። ለእኛ ወለል የሚሻለው ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ ስለቶች ያሉት፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ዳንፎርዝ የሠራውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የሚያራግፉ ጀልባዎች የተጠቀሙበት ዓይነት ነው። ለእኔ ጀልባ ሰባት ኪሎ የሚመዝነው በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የእኔን ከወፍራም ላሜራና ከፌሮ ያስበየድሁት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ በያጁ ስለቶቹን ገመዱ ከሚታሰርበት ረጅም ዘንግ ጋር አጣብቆ በየዳቸውና አልሠራልኝም፤ ስለቱ እንደ ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ መታጠፍ አለበት፣ መልሕቁ በየትኛው ጎኑ ቢወድቅ ወደ ታች እንዲያዘነብል። ስለቱ ከዘንጉ ተከፍቶ የሚቆምበት ማዕዘን ለአሸዋ 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ለለስላሳ ጭቃ እስከ 45 ዲግሪ ከፈት ቢል ይመረጣል።

ይሁንና ገመዱ ካጠረ የመልሕቁ ማማር ዋጋ የለውም። ማረሻ መሬት የሚገባው በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡት ነው፤ ሞፈሩን ወደ ላይ ብናነሣው ተነቅሎ ይወጣል፤ መልሕቅም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ገመዱ ከውኃው ጥልቀት ቢያንስ አምስት እጥፍ፣ ነፋስ ሲበረታ ሰባት እጥፍ ሊለቀቅ ይገባል፤ ጥልቀቱም የሚቆጠረው ከጀልባዋ ፊት ጫፍ ጀምሮ ነው። ስምንት ሜትር ውኃና አንድ ሜትር የጀልባ ከፍታ ካለ 45 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንይዘው ግን 15 ሜትር ነው። በገመዱና በመልሕቁ መካከል ሦስት ወይም አራት ሜትር ሰንሰለት ቢገባ ዘንጉን ወደ ወለሉ ያስተኛዋል። ገመዱ ናይለን ቢሆን ይመረጣል፤ ይለጠጣል፣ የማዕበሉንም ግፊት ያረግበዋል፣ ይሰጥማልም። በርካሽ የሚገኘው የፕላስቲክ ገመድ ግን ስለሚንሳፈፍ በሞተሩ ፕሮፔለር ይጠመጠማል። ደግሞም መልሕቅ ከፊት እንጂ ከኋላ፣ ከሞተሩ በኩል ፈጽሞ አይታሰር፤ ጀልባዋ ጀርባዋን ለማዕበሉ ትሰጥና ውኃው ከላይዋ ይገባባታል።

ድንጋያማ ቦታ ላይ ለሚያሰግሩ ወንድሞቼ አንድ ነገር ልጨምር። ገመዱን ከመልሕቁ ግርጌ፣ ከስለቶቹ በኩል እሰሩና ወደ ዘንጉ ጫፍ አምጥታችሁ በሲባጎ ያዙት፤ ድንጋይ ሥር ቢሰነቀር ጠንከር አድርጋችሁ ስትስቡት ሲባጎው ተበጥሶ መልሕቁ በግርጌው ይወጣል።

ለወጣት ማኅበራት ጀልባ የሚሰጡ ወይም ብድር የሚያመቻቹ አካላት ዝርዝራቸው ውስጥ ሞተርና መረብ እንደሚያካትቱት ሁሉ፣ ተስማሚ መልሕቅንና 50 ሜትር ገመድን እንዲያስገቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዋጋው ከአንድ ጥሩ መረብ አይበልጥም። ልኬቱን ለሚፈልግ ማንኛውም በያጅ ጀልባዬ በምትታሰርበት ዳርቻ መልሕቄን አውጥቼ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዓሣ አስጋሪ
ባሕር ዳር