2.08 ምን አጠፋ?

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን።

ትናንት በስልክ ድምፅሽ አላማረኝም። የላብራቶሪ ኮርሱ እንዳስመረረሽ ገብቶኛል። የሙዮንን፣ የዚያን ኤሌክትሮን መሰል ግን ከበድ ያለና ቶሎ የሚፈርስ ቅንጣት፣ ዕድሜ ለክታችሁ 2.08 ማይክሮ ሰከንድ አገኛችሁ፤ መጽሐፉ ደግሞ 2.197 ይላል። ጓደኛሽ «ሁሉንም እንደ አዲስ እንጀምር» አለች አልሽኝ። ቆይ እስቲ፣ ምን አስቸኮላችሁ?

ስንት ሙዮን ሲፈርስ ቆጠራችሁ? 400 ያህል ብለሽኛል። በአጋጣሚ የሚመጣው የቆጠራ ስህተት የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው፤ የ400 ስኩዌር ሩት 20 ነው፤ 20 ደግሞ የ400 አምስት በመቶ ነው። ስለዚህ መልሳችሁ 2.08 ሲደመር ሲቀነስ 0.10 ነው። ከመጽሐፉ ጋር ያላችሁ ልዩነት ከዚህ የሚበልጠው በትንሹ ነው። ታዲያ ምኑ ተበላሸ? የስህተት ወሰኑን በግማሽ ማጥበብ ከፈለጋችሁ አራት እጥፍ መቁጠር ነው። አቋራጭ የለውም።

የሚጥመው ግን ሌላው ነገር ነው። 2.197 ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ የሚፈርስ ሙዮን ዕድሜ ነው። ከሰማይ የሚወርዱት ግን ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ናቸው። ኔጌቲቩ ሲንቲሌተራችሁ (ቅንጣት ሲመታው ብልጭ የሚለው ቁስ) ውስጥ ሲቆም የካርቦን አቶም ይይዘዋል። አንዳንዱንም ኒውክሊየሱ ይውጠዋል። በዚህ ምክንያት በካርቦን ውስጥ ዕድሜው ወደ 2.03 ይወርዳል። እናንተ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ስለምትቆጥሩ አማካዩ ከመጽሐፉ ማነስ አለበት! እንዲያውም ብዙ ቆጥራችሁ ልክ 2.197 ብታገኙ ነበር እኔ የምጠረጥረው። በእርግጥ በ400 ቆጠራ «ይህን አየን» ማለት አትችሉም። ያንን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ቆጠራ ሁሉንም አያድንም። የፊዚክስ ሊቁን የሚሊካንን የዘይት ጠብታ ሙከራ አስቢ። እኔ ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስዬ ነበር የማስተምረው፤ መሣሪያው ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1913 የኤሌክትሮንን ቻርጅ በዘመኑ አሃድ 4.774 ብሎ አወጣ። ስህተቱ ከ0.2 በመቶ እንደማይበልጥ ገመተ። ዛሬ ግን 4.803 ነው የምንለው፤ ልዩነቱ የገመተውን ሦስት እጥፍ ነው። በዋናነት ያሳሳተው ለአየር ቪስኮሲቲ (ለውስጣዊ ሰበቃው) የወሰደው ቁጥር ነበር። ሺህ ጠብታ ቢጨምር አይስተካከልለትም።

ስለዚህ የመሣሪያችሁን ሰዓት ፈትሹት። በመካከላቸው ያለው ጊዜ የታወቀ ሁለት የኤሌክትሪክ ምት አስገቡበትና ምን እንደሚያነብ እዩ። በአጋጣሚ የሚገጣጠሙትን ምቶችም ቀንሱ፤ ካልተቀነሱ ዕድሜውን ያስረዝሙታል።

ደብተርሽን በእስክሪብቶ ጻፊ። ያልጣመሽን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዢው እንጂ ገጹን እንዳትቀጂ። ደግሞ አደራ፣ ከፍተኛ ቮልቴጁን ሳታጠፊ የፎቶመልቲፕላየሩን (ብልጭታውን ወደ ኤሌክትሪክ ምት የሚቀይረውን ቱቦ) ሽፋን እንዳትከፍቺ። ቱቦው ብርሃን ካየ ይበላሻል፤ ለአንቺም አደጋ ነው።

መሣሪያው ሌሊቱን ብቻውን ይቆጥራል። አንቺ እዚያ ተጎልተሽ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ተኚ። ግራፉን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ በየነጥቡ የስህተት ወሰኑን ካላየሁ አልቀበልም። በርበሬውንና ሽሮውን አባትሽ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቶልሻል።

እናትሽ