የምስጋና መልእክት፦ ከተበተነ ባንድ

ያለፈው ቅዳሜ የሮክ ባንዳችን የመጨረሻ መድረክ እንዴት እንደነበር የመጣ ያውቀዋል፤ ያልመጣም ቪዲዮውን አይቶታል። ለምን እንደተበተንንም አልደግመውም። 2 ዓመት ተኩል፣ 11 መድረክ፣ 1 ነጠላ ዜማ። ይኸው ነው። ማይክ ይዤ ያልወጣልኝን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ እማማ። ስማቸውን አልጠራም፤ ይቆጡኛል።

ሰርቪስ ቤታቸውን ስንከራይ «ሙዚቃ እንለማመዳለን» ብለናቸው ነበር። ክራር መስሏቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ድራሙ ሲመታ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። በሩን ከፍተው ገቡ። ሊያባርሩን ነው ስንል አሮጌ ጋቢ ይዘው ኖሯል። «እዚያ ሆዱ ውስጥ ክተቱለት፣ ትንሽ ይረጋጋል» አሉን። ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ ስቱዲዮ ውስጥም የሚደረገው ይኸው ነው። ከዚያ ከባለሱቁ የእንቁላል ካርቶን እየለመኑ ግድግዳውን አስለጠፉን። ካርቶን ድምፅ እንደማያግድ ኋላ ነው የሰማነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው! ከሰሙነ ሕማማት በቀር ዝም በሉ ብለውን አያውቁም። ጎረቤት ሲያጉረመርም «ልጆቼ ናቸው፣ የት ይሂዱልህ?» ይሉ ነበር።

ያቺ አንዷ ዜማችንም የእሳቸው ናት። አንቺሆዬ የሚባለውን የአገራችንን ቅኝት በዲስቶርሽን፣ ማለትም በሻከረው የሮክ ጊታር ድምፅ፣ ለመጫወት ወር ሙሉ ታገልን። ሮክ ጊታር ዶና ሶል የሚባሉትን ድምፆች አንድ ላይ ይዞ (ኮርድ የሚባለው ነው) ነው የሚጮኸው፤ አንቺሆዬ ውስጥ ደግሞ ሶሉ ቤሞል ነው፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ኮርዱን በያዝነው ቁጥር ቅኝቱ ይፈርስብናል። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። እማማ ደጅ ላይ ቡና እየወቀጡ የሠርግ ዘፈን ያንጎራጉራሉ። ድምፃቸው ብቻ፣ ያለ አጃቢ። ሊድ ጊታሪስታችን ዝም ብሎ ሰማና «በቃ ኮርዱን እንተወው» አለ። በአንድ ክር ሞከረው። መብራት ሲመጣ ዜማው አልቋል።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አቆምኩ። ልቀጥል።

ጃኖ ባንዶች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» አልበማችሁን ስታወጡ እኛ ዩኒፎርም ለባሽ ተማሪዎች ነበርን። ሮክ በአማርኛ እንደሚሆን ያየነው በእናንተ ነው። አታውቁንም፤ ቢሆንም እናመሰግናለን።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምትማሩ፣ ሲምባልና ጃክ (የጊታር ገመድ) ያዋሳችሁን ጓደኞቻችን (አንዱ ጃክ አሁንም እኔ ጋ ነው)፣ ሳውንድ ማኖች፣ ዕቃችንን በነጻ የጫንክልን የሚኒባስ ሹፌር፣ ትኬት ገዝታችሁ የገባችሁ፣ ሳትገዙም የገባችሁ፣ ወላጆቻችን በሙሉ፦ እግዜር ይስጥልን። የዘለልኩት ሰው ካለ ጥፋቱ የእኔ የቤዚስቱ እንጂ የልጆቹ አይደለም። ይቅር በሉኝ።

እማማ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ያንብብልዎ። ጋቢዎ እኔ ጋ ነው። ታጥቧል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዤው እመጣለሁ።