70 ሲሞላ ስልክ ላይ አትቸኩሉ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እዚህ እንግሊዝ አገር 70 ለሚሞላቸው ሰዎች ስለ መንጃ ፈቃድ እድሳት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው። ግን ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ የሚታደርበትና የሚበሰልበት መኪና፣ የምንነዳውን ረስታችሁናል። ስንት ሐበሻ ሞተርሆም አለው ትሉ ይሆናል። እኔ ብቻ አራት አውቃለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ወዳጄ ነው። 70ኛ ልደቱ ሲቃረብ መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከዲቪኤልኤ የእድሳት ደብዳቤ መጣለት። ቡና እየተጠጣ ልጁ ስልኩን አወጣና "አባዬ፣ በአምስት ደቂቃ ልጨርስልህ" አለው። እውነትም ጨረሰለት። ክፍያ የለ፣ ሐኪም የለ። አዲሱ ካርድ ሲመጣ ግን ከጀርባው ሲ1 የሚለው የከባድ መኪና ምድብ ጋ ቀን የለም፤ ያ ፈቃድ ቀርቷል ማለት ነው። የእሱ ሞተርሆም ደግሞ 3,850 ኪሎ ነው። አሁን ደጅ ቆሞ የዛፍ ቅጠል ይረግፍበታል። ማስጠንቀቂያ ነበረው ወይ ብዬ ልጁን አልጠየቅኩም። አንብቦ የሚጫን ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ሲ1 ከ3.5 ቶን በላይ እስከ 7.5 ቶን የሚያስነዳው ምድብ ነው። ከጃንዋሪ 1997 በፊት የመኪና ፈተና ላለፍን ሰዎች ሳንጠይቅ አብሮ የተሰጠን ነው። ከዚያ በኋላ ያለፉት ለብቻው ይፈተኑበታል። 70 ላይ ግን ዝም ብሎ አይቀጥልም። ዲ2 የሚባለውን ማመልከቻና ዲ4 የሚባለውን የሐኪም ቅጽ አስሞልቶ በፖስታ መላክ ያስፈልጋል። ከዚያ በየ3 ዓመቱ እንደገና።

እኔ ይህን መንገድ ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ ያውም ዕድሜዬ ሳይደርስ። የተወለድኩት በ1948 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ካርቱም ላይ ወረቀቴን የሞላው ሰው ቁጥሩን እንዳለ የፈረንጅ አደረገው። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2018 ገና 62 ዓመቴ ሳለ ወረቀቱ 70 አለኝ። ልጆቼ "አባባ ሁለቴ ነው የሚያረጀው" እያሉ ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዝን ብዙ ነን። የሚታየው ደግሞ የወረቀቱ ዕድሜ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ያስቸገረኝ ዓይኔ ነው። ለቤት መኪና የምናውቀው ከ20 ሜትር ላይ ሰሌዳ ማንበብን ነው። የሲ1 መስፈርት ከዚያ ይከብዳል። የመነጽር ባለሙያዋ የታችኛውን ረድፍ አንብብ ስትለኝ በግምት ጀመርኩ። ሳቀች። መነጽር ቀየርኩና አለፍኩ። ለካ ስንት ዓመት "የመንገዱን ምልክት አደበዘዙት" እያልኩ ሳማ የኖርኩት ጥፋቱ የእኔ ዓይን ኖሯል! ስለዚህ ምርመራው ሽማግሌ መጥላት ነው ለሚሉ ጓደኞቼ አልስማማም። አራት ቶን የሚጠጋ ቤት ይዞ አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣ ሰው ይታይ።

የሚያናድደው ሌላው ነው። የራሴ ክሊኒክ "ይህን ቅጽ አንሞላም" ብሎ መለሰኝ። ሌላ ቦታ ከኪሴ ከፍዬ አስሞላሁ፣ የመንግሥቱ ነጻ ሕክምና (ኤንኤችኤስ) አይሸፍነውም። ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሪፖርቱም ከ4 ወር በላይ ከቆየ አይቀበሉትም፣ ቀድሞ ማስሞላትም ዋጋ የለውም።

አንዳንዱ ደግሞ "የእኔ ባዶውን 3.2 ቶን ነው፣ አያገባኝም" ይላል። የሚታየው ባዶው ሳይሆን ከነጭነቱ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ነው። መኪናው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ተጽፏል። ይህን የተፈቀደ ክብደት ወደ 3,500 ኪሎ ማስወረድም አለ። ግን ከዚያ ምን ይጫናል? 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ባለቤቴ ምጣዷንና ረከቦቷን ትታ ስትወጣ ደግሞ አይቼ አላውቅም።

ወዳጄ አሁን ዲ4ቱን ይዞ የሐኪም ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። ልጁንም ቡና ላይ ስልክ እንዳያወጣ ከልክሎታል።

አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ለንደን